ከመርካቶ ተልኮ ቃሊቲ የሚታተም ወረቀት፦ ተረቱና እውነታው

ቢሮው መርካቶ ወይም ቦሌ፣ መጋዘኑ አቃቂ ቃሊቲ የሆነ ድርጅት ብዙ ነው። ዕቃ እንዲወጣ የሚፈቅደው ወረቀት፣ ማለትም የዕቃ ማውጫው፣ ጥበቃው እጅ ካልገባ ደግሞ የተጫነ መኪና ከግቢው አይወጣም። ስለዚህ ቢሮ ላይ የጸደቀ ማውጫ መጋዘኑ ውስጥ ባለው ፕሪንተር በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ትልቅ እፎይታ ነው። በዙሪያው ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ፈጣን ኢንተርኔት ከሌለ አይሆንም» ይባላል። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ በደካማ የሞባይል መስመርም ይደርሳል። መስመሩን የሚያንቀው ስካን ነው፤ አንድ ኤፎር ገጽ በ300 ዲፒአይ በቀለም ሲነሳ፣ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ይሆናል። አትሞ፣ አስፈርሞ፣ ስካን አድርጎ የሚልክ ቢሮ መስመሩን ከመውቀሱ በፊት አሠራሩን ይመልከት።

«ፕሪንተሩ ከውጭ እንዲገኝ ለኢንተርኔት ይከፈት» የሚለው አደገኛ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ሰው የህትመት ሥራ በሚቀበሉበት 9100 በሚባለው ፖርት ክፍት በነበሩ 50 ሺህ ገደማ ፕሪንተሮች ላይ ለአንድ ዩቲዩበር ድጋፍ የሚጠይቅ ወረቀት እንዳተመ ተናግሯል። ሌላ መንገድ አለ፦ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ይቀመጥና እሱ ራሱ የቢሮውን ሰርቨር እየጠየቀ ወረቀቱን ያምጣ። ያኔ የመጋዘኑ ኔትወርክ ለውጭ አይከፈትም፤ ለመጋዘኑ ቋሚ አይፒ መግዛትም አያስፈልግም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ኮምፒውተሩ ታትሟል ካለ ታትሟል» የሚለው እምነት ነው። ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ጨረስኩ የሚለው መረጃውን ለፕሪንተሩ ሲያስረክብ ነው፤ ወረቀቱ መውጣቱን አላየም። በ9100 የሚላክበት መንገድ በራሱ የእያንዳንዱን ሥራ ውጤት የሚያሳውቅ ሥርዓት የለውም፤ አይፒፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ግን ፕሪንተሩ ሥራው ያለበትን ደረጃ መናገር ይችላል። መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩ ሜሞሪው ውስጥ የያዘው ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያለው ወረፋ ግን ይቆያል። የመጋዘን ኃላፊው «አልደረሰኝም» ብሎ ይደውላል፣ ቢሮው እንደገና ይልካል፣ መብራት ሲመጣ ሁለቱም ይወጣሉ። ሰው ሁሉ የሚሰጋው ወረቀቱ እንዳይቀር ነው፤ እኔ የምሰጋው ሁለቴ እንዳይወጣ ነው። በአንድ ሽያጭ ሁለት መኪና ሊጫን ይችላል። መከላከያው ውድ አይደለም። እያንዳንዱ ማውጫ የማይደገም ቁጥር ይኑረው፤ ድጋሚ ሲታተም «ቅጂ» የሚል በትልቁ ይታተምበት። ጥበቃው ያሳለፈውን ቁጥር መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ያንኑ ቁጥር ዳግም ይዞ የመጣን፣ ማንም ይሁን ማን፣ የማስቆም ሥልጣን ይሰጠው።

ዩፒኤስ ካለ ሌዘር ፕሪንተሩም ይሠራል ብሎ መተማመን ሌላው ስህተት ነው። ሌዘር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ማሞቂያው በአንዴ ብዙ ኃይል ስለሚስብ አምራቾች ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር እንዳይገናኝ ይመክራሉ። ዩፒኤሱ ለራውተሩና ለኮምፒውተሩ ይሁን። መብራት በሌለበትም ማተም ግድ ከሆነ ዶት ማትሪክስ ይሻላል፤ ብዙ ኃይል አይፈጅም፣ ካርቦን ያለው ባለብዙ ቅጂ ወረቀትም ያትማል።

አንዳንዱ ደግሞ ይህ ማውጫ የሽያጭ ደረሰኝንም የሚተካ ይመስለዋል። አይተካም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ ያደረገው ደንብ ቁጥር 139/1999 ከወጣ ቆይቷል፤ ደረሰኝ መቆረጥ ያለበት ገቢዎች በሚያውቀው መሣሪያ ወይም ሥርዓት ነው። ከመጋዘኑ ፕሪንተር የወጣው ወረቀት ዕቃው እንዲወጣ መፈቀዱን ብቻ ያሳያል።