በ12 ሳምንት የሚያልቅ ሥራ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን ከንፈሩ ስንጥቅ ከሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ወዲያው ያያል። ስንጥቁ ላንቃው ላይ ብቻ ሲሆን ግን የሚያይ የለም። ፊቱ ሙሉ ነው፤ ያለቅሳል፤ ጡት ሲሰጡት ይጎርሳል። ነገር ግን አይጠግብም፤ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። እናቱ ወተቷ ያነሰ ይመስላታል፤ ሌላው ደግሞ የሰው ዓይን ነው ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለመጥባት አፍ ከአፍንጫ ተለይቶ መዘጋት አለበት። ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን የቱንም ያህል ቢታገል አየሩ በአፍንጫው ስለሚገባ ጡቱን መሳብ አይችልም። ስለዚህ የታለበ የእናት ጡት ወተት ቀና አድርገው ይዘው በኩባያ ወይም በማንኪያ ቀስ እያሉ ቢሰጡት ይተርፋል፤ ይህን የሚነግራቸው ካላገኙ ግን ገና ቀዶ ሕክምና ሳይታሰብ በምግብ እጥረት ይጎዳል።

በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ያህል የከንፈር፣ የላንቃ ወይም የሁለቱም ስንጥቅ ይዞ ይወለዳል። የላንቃው ጉዳይ የሚጀምረው እናትየዋ ማርገዟን በቅጡ ሳታረጋግጥ ነው። በ6ኛው ሳምንት ገደማ ከጽንሱ ላይኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ሁለት የሥጋ ክፋዮች ይበቅላሉ። ምላስ መሃሉን ስለያዘባቸው መጀመሪያ በጎንና በጎኑ ወደ ታች ያድጋሉ። ታችኛው መንጋጋ ሲረዝም ምላሱ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ክፋዮቹ ወደ ላይ ተነሥተው እንደ ባለ ሁለት መዝጊያ በር መሃል ላይ ይገጥማሉ። መግጠም ብቻውን ግን አይበቃም፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ጠፍቶ ሥጋው መዋሐድ አለበት። ይህ ሁሉ እስከ 12ኛው ሳምንት ያልቃል። ምላሱ በሰዓቱ ባይወርድ፣ ክፋዮቹ ቢያጥሩ ወይም ሽፋኑ ባይጠፋ ላንቃው ክፍት ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእርግዝና ክትትል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አብዛኞቹ እናቶች ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የልጃቸው ላንቃ ወይ ገጥሟል፣ ወይ ሳይገጥም ቀርቷል።

ለምን ሳይገጥም ይቀራል? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ክላርክ ፍሬዘርና ባልደረባው ኮርቲዞን የተባለ መድኃኒት ለእርጉዝ አይጦች ሰጡ። በአንዱ የአይጥ ዝርያ ግልገሎቹ በሙሉ ላንቃቸው ተሰንጥቆ ተወለዱ፤ በሌላው ዝርያ ግን ከአምስት አንድ ያህል እንኳ አልሞሉም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ዘሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱን በዘር ብቻ ወይም በአካባቢ ብቻ ማሳበብ ከባድ ሆኗል። እናትን ብቻ መውቀስማ ጭራሽ መሠረት የለውም።

የዘረ መሉን ፍለጋ ኢትዮጵያውያንም ገብተውበታል። በአዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል በላንቃና ከንፈር ቀዶ ሕክምና የሚታወቁት ዶክተር መኮንን እሸቴና ባልደረቦቻቸው፣ በናይጄሪያዊው ተመራማሪ አዚዝ ቡታሊ ከተመራ ቡድን ጋር ተባብረው ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ የተሰበሰቡ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ዘረ መል መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት ከላንቃ ስንጥቅ ጋር የተያያዙ፣ ቀድሞ ያልታወቁ ሁለት ቦታዎችን አመለከተ፤ አንዱ በ2ኛው ክሮሞዞም፣ ሌላው በ19ኛው ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የአውሮፓና የእስያ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ነበሩ።

በአካባቢ በኩል የተጠረጠሩት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ ትምባሆ፣ አልኮል፣ ለሚጥል በሽታ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች (እነዚህን ያለ ሐኪም ምክር ማቆም ራሱ አደገኛ ነው)፣ የምድጃ ጭስም ጭምር። ፎሊክ አሲድ የጽንሱን የአከርካሪና የአንጎል ጉድለት እንደሚከላከል ተረጋግጧል፤ ለላንቃ ያለው ማስረጃ ግን የተደባለቀ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የፋብሪካ ስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለጽጉ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ፎሊክ አሲዱ የሚገባው ዱቄቱ ውስጥ ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ደግሞ በቆሎውንና ጤፉን የሚያስፈጨው በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ስለሆነ ደንቡ እንጀራው ጋ አይደርስም።

ለመለየት ከሁሉ የሚያስቸግረው የተሸፈነው ስንጥቅ ነው። ላይ ላዩን ላንቃው ደህና ይመስላል፤ ከሥር ግን ጡንቻው ተከፍሏል። ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ሁለት ቦታ የተከፈለ እንጥል ነው። በአማራ ክልል ገጠር ደግሞ “ጉሮሮውን ይዘጋዋል” እየተባለ የሕፃናት እንጥል የመቁረጥ ልማድ አለ። ደም መፍሰሱና ቁስሉ ማመርቀዙ ሳይበቃ፣ ሐኪሙ ሊያየው የሚገባው ምልክትም አብሮ ተቆርጦ ይጣላል።

ላንቃን በቀዶ ሕክምና መዝጋት የቆየ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፊሊበር ሩ ለስላሳውን ላንቃ የሰፋለት ጆን ስቲቨንሰን የሞንትሪያል ሰው፣ የሕክምና ተማሪ ነበር። ይኸው ሰው ኋላ የማክጊልን የሕክምና ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ፍሬዘር አይጦቹን ያጠናውም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የዛሬው ሐኪም ቀዳዳውን ብቻ አይደፍንም፤ አቅጣጫቸውን የሳቱትን ጡንቻዎች መልሶ ያጋጥማል። ያለ እነሱ አየር በአፍንጫ ስለሚሾልክ እንደ “ፐ”፣ “ተ” እና “ሰ” ያሉ ድምፆች አይጠሩም። ጆሮም በተደጋጋሚ ይመግላል።

መቼ ይሠራ? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ 558 ሕፃናትን ያሳተፈ የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ጥናት በ6 ወራቸውና በ12 ወራቸው የተሠሩትን አወዳድሯል። 5 ዓመት ሲሞላቸው የላንቃው አዘጋግ ለንግግር ያልበቃላቸው ከመጀመሪያዎቹ 8.9 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 15 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የተካሄደው ልምድ ያላቸው የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞችና የማደንዘዣ ባለሙያዎች ባሉበት ነው። ለጎጃም ገጠር ልጅ ክርክሩ ስለ 6 ወይም 12 ወር ሳይሆን ስለ ዓመታት ነው። ከፍኖተ ሰላም ቀዶ ሕክምናው ወዳለበት አዲስ አበባ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለትምህርት ከደረሰ በኋላ የተሠራ ልጅ ቀዳዳው ቢዘጋለትም የለመደውን አነጋገር ለማስተካከል የንግግር ሕክምና ያሻዋል፤ የዚህ ሙያ ሰዎች ደግሞ በአገሪቱ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ የአዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የመጀመሪያ ሥራ የተወለደውን ሕፃን አፍ በባትሪ ማየት፣ ላንቃውንም በንጹሕ ጣት መዳሰስ ይሁን። ወተት በአፍንጫው የሚመለስ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ሪፈራልም ጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው የካቲት 12ን በመሰሉ ሆስፒታሎች በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድጋፍ በነፃ ይሰጣል።