ድንጋይ የሚያላምጥ ጥርስ



ውሃ ብዙ ጊዜ ከእግራችን ሥር አለ። በእኛና በውሃው መካከል ግን ድንጋይ ተኝቷል። ዛሬ የምንማማረው ያ ድንጋይ እንዴት እንደሚበሳ ነው።

በአጋሮ ዙሪያ የሚኖር ሰው የውሃን ችግር ያውቀዋል። ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የቡና ማጠቢያዎች ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ። ልጣጭና ሙጫ የሞላበት እጣቢ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ፣ ከታች ያለው ሰውና ከብት የሚጠጣው ውሃ ይበላሻል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ መፈለግ ግድ ይሆናል። ቀዩን አፈር በዶማና በአካፋ እንወጣዋለን። ከሥሩ ግን ጥቁር ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ በጥንት ዘመን ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ፣ ኋላም ቀዝቅዞ የጠነከረ ነው። በድጅኖ ቢመቱት እሳት ይረጫል እንጂ በቀላሉ አይበገርም።

አንድ አዛውንት የቁፋሮ መኪና ሲሠራ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህን የሚያህል መኪና ቀኑን ሙሉ እያጓራ ለምን ሁለት ክንድ ብቻ ወረደ?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ ድንጋዩን የሚበላው መኪናው አይደለም፤ ከዘንጉ ጫፍ ያለው ጥርስ ነው» አልኳቸው። ቆፋሪዎቹ ይህን ጥርስ «ቢት» ይሉታል።

ሙቀጫና ወፍጮ

ቡና የምናደቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናው ከላይ እየወረደ ይወቅጣል። ሁለተኛው ወፍጮ ነው፤ ጥርስ ያለው ብረት እየዞረ ይጨፈልቃል። ድንጋይም የሚበሳው በእነዚሁ መንገዶች ነው።

በድሮ ጊዜ ከባድ ብረት በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እየተነሣ እየወደቀ ድንጋዩን ይወቅጥ ነበር። ሥራው ይሠራል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ኋላ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ መጣ። ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት የተከፈለ ስለት ነበር። ለስላሳ አፈር ላይ እንደ ማረሻ ይሄዳል። ጠንካራ ድንጋይ ሲያገኝ ግን የሚፋቀው ድንጋዩ ሳይሆን ስለቱ ሆነ።

በአሜሪካ አገር ግራንቪል ሁማሰን የሚባል ሰው ነበር። መፍትሔው አንድ ቀን ጠዋት ቡና ሲፈጭ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። አዎ፣ ቡና ሲፈጭ! ሐሳቡንም በ150 ዶላር እንደሸጠው ገልጿል። ገዢው ሐዋርድ ሂውዝ ነበር። ሂውዝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1909፣ በእኛ 1901 ዓ.ም.፣ ሁለት ኮን ላለው መሰርሰሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። ኩባንያውም ትልቅ ሀብት አፈራበት።

ኮን ማለት እንደ ሞሶብ ክዳን ሹል የሆነ፣ ዙሪያውን ጥርስ የበቀለበት ብረት ነው። ዘንጉ ሲዞር ኮኖቹም በየራሳቸው ይንከባለላሉ። እያንዳንዱ ጥርስ ተራው ሲደርስ ድንጋዩን ተጭኖ ይሰብራል። መፋቅ ቀርቶ ማላመጥ ሆነ ማለት ነው።

ጥርሱ እንዴት ተሻሻለ?

ሥራው በዚህ አላበቃም። አንዱ ችግር ሲፈታ ሌላው ብቅ ይል ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ. ጭቃ። በጥርሶቹ መካከል ጭቃ እየተጠቀጠቀ ጥርሱ ድንጋዩን መንካት ያቅተዋል። ስለዚህ የአንዱ ኮን ጥርስ በሌላው ጥርስ መካከል እንዲገባና ጭቃውን እንዲጠርግ ተደረገ።

2ኛ. መንቀጥቀጥ። ጉልቻ ሦስት የሆነው ለምንድነው? በሁለት ድስት አይቆምማ! መሰርሰሪያውም እንደዚሁ ነው። በ1933 ሦስት ኮን ያለው ተሠራ። ረግቶ ስለሚቆም ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

3ኛ. የጥርስ ማለቅ። የብረት ጥርስ በጠንካራ ድንጋይ ላይ ቶሎ ያልቃል። በ1951 ከብረት እጅግ የሚጠነክር፣ ቱንግስተን ካርባይድ የሚባል ነገር በኮኑ ላይ እንደ ጥርስ ተተከለ። ለጠንካራ ድንጋይ አጭርና ድቡልቡል፣ ለለስላሳው ረዘም ያለ ይደረጋል።

4ኛ. ኩሽኔታ። ጥርሱ ደኅና ሆኖ ሳለ በኮኑ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ የድንጋይ ዱቄት እየገባበት ይበላል። አንዳንዴም ኮኑ ተነቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ እሱን ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። በ1960ዎቹ ኩሽኔታውን ከነግራሶው በጎማ ቀለበት መዝጋት ተስፋፋ፤ ዕድሜውም ረዘመ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ኮን የሌለው፣ ሰው ሠራሽ አልማዝ የተለጠፈበት መሰርሰሪያ መጥቷል። ይህኛው እንደገና ይፍቃል፤ አልማዝ ስለሆነ ግን ቶሎ አይደንዝም። ቢሆንም በጣም ጠንካራና የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ሲያንገጫግጨው ይሸረፋል። ለሁሉም ድንጋይ የሚሆን አንድ ጥርስ የለም።

ጥርስ ቶሎ ቢያልቅ ምን ይጎዳል?

ጥርሱን ለመለወጥ ዘንጉ ሁሉ አንድ በአንድ እየተፈታ ይወጣል፤ ከዚያም እየተገጠመ ይመለሳል። በአገራችን በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል፣ በአሉቶ፣ ከ1973 እስከ 1978 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ለመሬት እንፋሎት ስምንት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ጥልቁ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ከሥር ያለው ሙቀት በአንዳንዱ ከ300 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያ ጥልቀት ዘንግ አውጥቶ መመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ገምቱ! የሚቆይ ጥርስ ጊዜ ነው፤ ነዳጅ ነው፤ ገንዘብ ነው።

የእኛ የውሃ ጉድጓድ እንደዚያ ጥልቅ አይደለም። በጥቁር ድንጋይ ላይ ብዙ የውሃ ቆፋሪዎች በታመቀ አየር የሚሠራ መዶሻ ይጠቀማሉ። መዶሻው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ እየዞረም ይወቅጣል። ሙቀጫና ወፍጮ ተጋቡ በሉት። እዚያም ቢሆን ድንጋዩን የሚነካው ያው የቱንግስተን ካርባይድ ጥርስ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የቁፋሮ መኪና ወደ መንደራችሁ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትዩ። ከውሃ ኮሚቴው ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ደብተር ይያዝ።

— ዛሬ ስንት ሜትር ተወረደ?
— የወጣው አፈርና ድንጋይ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?
— ውሃ በስንተኛው ሜትር ታየ?
— ጥርሱ መቼ ተለወጠ? ለምን?

ሥራው ድንገት ከቀረፈፈ ቆፋሪዎቹን በትሕትና ጠይቁ፦ «ድንጋዩ ተለወጠ ወይስ ጥርሱ አለቀ?» ብዙ ጊዜ ክፍያ በሜትር ስለሚታሰብ፣ የሜትሩን ቁጥር የመንደሩ ሰው ራሱ ጽፎ መያዝ አለበት። በደብተር ያልሰፈረ ሜትር ኋላ ላይ ለክርክር ይዳርጋል።

ይህ ደብተር ቁፋሮው ካለቀ በኋላም አይጣል። ጎረቤት መንደር ነገ ሲያስቆፍር ጥቁሩ ድንጋይ በስንት ሜትር ሊያጋጥም እንደሚችል፣ የትኛው ጥርስ እንደሠራ ከእናንተ ያነባል። የሚሆነውን ጥርስም ከመጀመሪያው ይዞ ይመጣል።