ጨርቁ በስሙ አይቀረጥም

በምዕራብ ሐረርጌ ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በበዴሳና በገለምሶ አልፎ እስከ መቻራ ድረስ ባሉ የገበያ ከተሞች ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ጣቃውን የሚረከበው በአብዛኛው ከአከፋፋይ እጅ ነው። ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ወረቀት አይቶት አያውቅም። እሱ ጋ የሚደርሰው ዋጋው ነው፤ ዋጋው የናረበት ምክንያት ደግሞ በወሬ ይሞላል። ፖሊስተርና ጥጥ በተደባለቀባቸው ጨርቆች ላይ ደግሞ ወሬው ይብሳል።

«ሲዳሰስ ጥጥ ከሆነ በጥጥ ታሪፍ ይገባል» ይባላል።

እጅ ታሪፍ አይመድብም። ኢትዮጵያ የምትሠራበት የታሪፍ መጽሐፍ የተመሠረተው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት በሚያስተዳድረውና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት፣ ነጋዴው ኤችኤስ ኮድ በሚለው ላይ ነው። በዚያ ሥርዓት ድብልቅ ጨርቅ የሚመደበው በክብደት ብልጫ ባለው ክር ነው። 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ ያለበት ጨርቅ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ወደ ጥጡ ምዕራፍ 52 አይሄድም። ፖሊስተሩ ተቆራርጦ የተፈተለ ከሆነ ምዕራፍ 55፣ ሳይቆራረጥ የወጣ ረጅም ክር ከሆነ ምዕራፍ 54 ይገባል። ስህተቱ የማይጠፋው ተቆራርጦ የሚፈተለው ፖሊስተር ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በጥጥ ቃጫ ርዝመት ልክ ስለሆነ ነው፤ እጅን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ክር መዝዞ በክብሪት የሚሞክር ነጋዴም አለ። ጥጡ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተሩ ቀልጦ ወደ ጠንካራ ፍሬ ይጨማደዳል። ዘዴው መጥፎ አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል። ምን ያህል እንዳለ ግን አይናገርም፤ ታሪፉ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው። በላቦራቶሪ የተመዘነው ናሙና 75 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል። ጥጡ ይሟሟል፣ የቀረው ፖሊስተር ታጥቦና ደርቆ እንደገና ይመዘናል። መቶኛው የሚገኘው ከሁለቱ ሚዛኖች ነው።

«ግማሽ በግማሽ ከሆነ አስመጪው የሚቀለውን ይመርጣል።»

ምርጫ የለም። ብልጫ ያለው ክር ከሌለ በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቦታ ይወሰዳል። 50 በመቶ ጥጥና 50 በመቶ ተቆራርጦ የተፈተለ ፖሊስተር ከሆነ 55 ከ52 በኋላ ስለሚመጣ ጨርቁ የፖሊስተር ነው።

ልምድ ያላቸውን ሳይቀር የሚያሳስተው የሦስትዮሽ ድብልቅ ነው። 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ ረጅም የፖሊስተር ክር፣ 25 በመቶ ተቆራርጦ የተፈተለ ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ ቢቀርብ፣ ትልቁ ቁጥር የጥጥ ስለሆነ ጥጥ ያሸነፈ ይመስላል። ሆኖም ምዕራፍ 54 እና 55 ከሌላ ምዕራፍ ጋር ሲወዳደሩ እንደ አንድ ምዕራፍ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሰው ሠራሹ ክር 60 በመቶ ሆኖ ጥጡን ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ጥጡ ከሒሳቡ ይወጣና ሁለቱ ፖሊስተሮች ብቻ ይወዳደራሉ፤ ረጅሙ ክር ስለሚበልጥ ጨርቁ በምዕራፍ 54 ሥር ባለው ኮድ 5407 ያርፋል።

«ወፍራም ጨርቅ በኪሎ ስለሚቀረጥ ይወደዳል።»

ይህ ወሬ ግማሽ እውነት ስለያዘ ነው የሚዘልቀው። ማጓጓዣ በክብደት ይከፈላል፤ በታሪፉም ውስጥ ግራም አለ። ሰው ሠራሹ ተቆራርጦ የተፈተለ ክር ከ85 በመቶ በታች ሆኖ በዋናነት ከጥጥ ጋር ሲደባለቅ፣ በካሬ ሜትር እስከ 170 ግራም የሚመዝነው በ5513፣ ከዚያ የሚበልጠው በ5514 ይመደባል። መለኪያው ቀላል ነው፤ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ በ100 ይባዛል። 1.65 ግራም ከመዘነ ጨርቁ ባለ 165 ነው። ግራሙ የሚወስነው ኮዱን ነው። ቀረጡ ግን የሚሰላው በመቶኛ፣ መድንና ማጓጓዣ በተጨመረበት የዕቃው ዋጋ ላይ ነው። የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የ10 በመቶው ሱር ታክስ የሚታሰቡት ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በመሆኑ፣ ኮድ ሲሳሳት ስህተቱ እስከ መጨረሻው መስመር ይወርዳል።

«ቴትሮን የራሱ ታሪፍ አለው፣ ካኪም የራሱ።»

የገበያ ስም የሚጠቅመው ለገበያ ነው። ፈታሹ የሚያየው የክሩን ዓይነትና ድርሻ፣ ክብደቱን፣ የሽመናውን ዓይነት፣ ከዚያም ነጭ ይሁን የተነከረ ወይም የታተመ መሆኑን ነው። በድርና ማግ ያልተሸመነ፣ እንደ ሹራብ የተጠለፈ ጨርቅ ከሆነማ ጭራሽ ምዕራፉ 60 ነው።

«በቦንዳ ታስሮ የመጣ ሁሉ ሳልቫጅ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ያገለገለ ልብስ ለመባል የመለበስ ምልክቱ በግልጽ መታየት አለበት፤ አዲስ ጣቃ በቦንዳ ስለታሰረ አሮጌ አይሆንም።

በመጨረሻ «ኮዱ እንደ ጉምሩክ ጣቢያው ይለያያል» የሚለው አለ። መነሻው ግልጽ ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ጭነቶች የተለያየ ሒሳብ ሲመጣባቸው ሰው ጣቢያውን ይጠረጥራል። የመቶኛ ወይም የግራም ልዩነት መኖሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የኮዱ የመጀመሪያ 6 አኃዞች ሥርዓቱን በተቀበሉ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ኢትዮጵያ የጨመረቻቸው ቀሪዎቹ 2 አኃዞችም በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ወይም በሞጆ አይለወጡም።