የኩትስ ባንክና ስሙን የተሸከሙት ሴቶች

ስኮትላንዳውያን በባንክ ሥራ ስማቸው የገነነ ሕዝብ ናቸው። የእንግሊዝ ባንክ በ1694 እንዲቋቋም አሳቡን ያቀረበው ዊልያም ፓተርሰን እንኳ ስኮትላንዳዊ ነበር (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፈዋለን)። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ግን ስለ ፓተርሰን ሳይሆን፣ ስለ ኤዲንበርጉ ነጋዴ ስለ ጆን ኩትስና ስለ ዘሩ ነው። ይህን ቤተ ሰብ የመረጥንበት ምክንያት ሀብቱ ብዙ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በኤኮኖሚክስ ትምህርት ስለ ካፒታል ስንማር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በሒሳብ ደንብ ብቻ የሚተላለፍ ይመስለናል፤ የኩትስ ቤት ታሪክ ግን ገንዘብ በጋብቻ፣ በኑዛዜና በቤተ ሰብ ጠብ መንገድ ጭምር እንዴት እንደሚጓዝ ግልጥ አድርጎ ያሳያል።

ጆን ኩትስ በ1699 ተወለደ። ሥራው እህል መነገድ ነበር። በዚያን ዘመን ትልቅ ነጋዴ ሁሉ በሩቅ አገር ደንበኞች ስላሉት፣ ከኤዲንበርግ ወደ ለንደን ወይም ወደ ሆላንድ ገንዘብ መላክ የፈለገ ሰው ወርቅ በከረጢት ጭኖ በመንገድ ከመዘረፍ ይልቅ ወደ ነጋዴው ሄዶ የሐዋላ ወረቀት መግዛት ይቀለው ነበር። ነጋዴውም በዚያ ትንሽ ትርፍ ያገኛል፤ ቆይቶም ሐዋላው ከእህሉ ይልቅ የሚያተርፍ ሆኖ ተገኘ። ጆን ኩትስ እንዲህ አድርጎ ከነጋዴነት ወደ ባንክ ባለቤትነት ተሻገረ። ከ1742 እስከ 1744 የኤዲንበርግ ከተማ ከንቲባ ሆነ፤ በኋላም ስለ ጤናው ወደ ኢጣልያ ሄዶ በኔፕልስ አጠገብ ሞተ። ፓትሪክ፣ ጆን፣ ጄምስና ቶማስ የሚባሉ አራት ወንዶች ልጆች ተረፉት።

የኤዲንበርጉ ቤት ከኩትስ ልጆች እጅ ወጣ። በ1754 በለጋ ዕድሜው ለሥራ ልምምድ የገባው ዊልያም ፎርብስ ከጓደኞቹ ጋር ባንኩን ተረክቦ አሳደገው፤ በ1773 የኩትስ ስም ከበሩ ላይ ተነሥቶ የፎርብስ ስም ገባ። ስሙ የቀረው በለንደን ነው፤ ይህም በጋብቻ ምክንያት ነበር።

በለንደን ስትራንድ በሚባለው መንገድ ላይ ጆን ካምፕቤል የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ በ1692 የወርቅ አንጥረኛ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ምልክቱም ሦስት ዘውድ ነው። በዚያን ጊዜ አንጥረኛ ጠንካራ ሣጥን ያለው ሰው ስለ ነበረ ሰዎች ወርቃቸውን አደራ ያስቀምጡበታል፤ እርሱም ደረሰኝ ይሰጣቸዋል። ደረሰኙ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እንደ ገንዘብ መሥራት ጀመረ። ሁሉም ሰው ወርቁን በአንድ ቀን እንደማይጠይቅ የተረዳው አንጥረኛም ከፊሉን በወለድ ማበደር ጀመረ። የለንደን የግል ባንኮች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚህ ነው። ጄምስ ኩትስ በ1755 የዚህን ቤት ባለቤት የጆርጅ ካምፕቤልን የእህት ልጅ አገባና በሽርክና ገባ። ካምፕቤል በ1760 ሲሞት ጄምስ ታናሽ ወንድሙን ቶማስን አስገባው። ጄምስ የአእምሮ ሕመም ስለ ጀመረው በ1775 ከሥራው ሲለቅ ባንኩ ለቶማስ ብቻ ቀረ።

ቶማስ ኩትስ ደንበኞቹ ነገሥታትና መሳፍንት የነበሩ ሰው ነው፤ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛም ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። ሆኖም በ1763 ያገባት የወንድሙን ልጅ ታሳድግ የነበረችውን ሞግዚት ሱዛና ስታርኪን ነው። ዘመዶቹ ቅር አላቸው፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ከእርሷ የተወለዱትና ለዐዋቂነት የደረሱት ሦስት ሴቶች ልጆች ናቸው። እነዚህ የሞግዚት ልጆች ሦስቱም ታላላቅ ሰዎችን አገቡ፤ ሶፊያ በ1793 ፍራንሲስ ቡርዴት የተባለውን የፓርላማ ተቃዋሚ፣ ሱዛን በ1796 የጊልፎርድን አርል፣ ፍራንሲስ በ1800 የቢውትን ማርኩዊስ።

እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። በእኛ ዘንድ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ይይዛል፤ ሴትም ብታገባ በአባቷ ስም እንደ ተጠራች ትኖራለች። በእነርሱ ዘንድ ግን የቤተ ሰብ ስም እንደ ርስት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ስሙ ከእርሱ ጋር ይቀበራል ማለት ነው። የቶማስ ሀብት ወራሽ ቢያገኝም ስሙ ወራሽ አልነበረውም።

ሱዛና በ1815 ሞተች። በጥቂት ቀን ውስጥ የ79 ዓመቱ ቶማስ ሀሪየት ሜሎን የተባለችውን የቴያትር ተዋናይት አገባ። ለንደን ጉድ አለ፤ ልጆቹም በጣም ተቀየሙ። ቶማስ በ1822 ሲሞት ደግሞ የባንኩን ድርሻ ጨምሮ ሀብቱን ሁሉ ለሀሪየት አወረሰ። እርሷም በ1827 በዕድሜ እጅግ የሚያንሳትን የሴንት ኦልባንስን መስፍን አገባች። በእንግሊዝ የ1882 ሕግ እስኪወጣ ድረስ ያገባች ሴት ንብረት በሕግ ወደ ባሏ እጅ ይገባ ስለ ነበር፣ ይህች ተዋናይት ከመስፍኑ ጋር ስትጋባ ሀብቷን በውል ለራሷ አስጠብቃ መቅረቷ ብልኅነቷን ያሳያል። ሰዎች በቴያትር ሥራዋ ይንቋት ነበር፤ እኛ ግን ከቶማስ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ ትልቅ የሒሳብ ጭንቅላት የነበራት እርሷ ናት እንላለን።

ሀሪየት ልጅ አልነበራትም። ሀብቱ ከቶማስ ዘር እንዳይወጣ ፈልጋ የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። ከእነርሱ መካከል የቢውት ማርኩዊስ ልጅ ዱድሊ ስቱዋርት ነበረ፤ ስለ ፖላንድ ነጻነት ዕድሜውን ሙሉ በፓርላማ የተከራከረ ሰው ነው። ነገር ግን በ1824 የናፖሊዮንን የወንድም ልጅ አገባ። ሀሪየት በ1837 ስትሞት ኑዛዜው ሲነበብ ወራሽዋ የሶፊያ የመጨረሻ ልጅ የ23 ዓመቷ አንጄላ ሆና ተገኘች። ሀብቱ ወደ 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ይገመት ነበር። ውርሱ ግን ቅድመ ግዴታ ነበረበት፦ የኩትስን ስም መያዝ አለባት፤ የባንኩን ሥራ ማዘዝ አትችልም፤ የውጭ አገር ሰው ብታገባም ውርሱ ይቀርባታል። እኛ እንደሚመስለን የመጨረሻው ግዴታ የተጻፈው የዱድሊ ጋብቻ በሀሪየት ልብ ስለ ቀረ ነው።

አንጄላ ቡርዴት ኩትስ ተብላ ገንዘቧን ለበጎ ሥራ አዋለች። ከደራሲው ከቻርልስ ዲክንስ ጋር በ1847 ከመንገድና ከወህኒ ለወጡ ሴቶች መኖሪያ ከፈተች፤ በለንደን ምሥራቅ ለድሆች ቤት ሠራች። በ1864 የኢየሩሳሌም ከተማ ካርታ በመሐንዲሶች እንዲነሣ የከፈለችው እርሷ ናት፤ ዓላማዋም ለከተማው ንጹሕ ውሃ ማስገባት ነበር። በ1869 ለድሆች ብላ ያስገነባችው የኮሎምቢያ ገበያ ግን ሕንፃው እጅግ ያማረ ሲሆን ነጋዴም ገዢም ሳይመጣበት ከሰረ። በ1871 ንግሥት ቪክቶሪያ የባሮኔስነት ማዕርግ ሰጠቻት። የቤተ ሰቧ መነሻ በሆነው በኤዲንበርግ በጌታው መቃብር ላይ ዓመታት ለቆየው ቦቢ ለተባለው ውሻ በ1873 ሐውልት ያሠራችውም እርሷው ናት።

በ1881 በ66 ዓመቷ የ29 ዓመት ወጣት የነበረውን ጸሐፊዋን ዊልያም አሽሜድ ባርትሌትን አገባች። ንግሥቲቱ እንኳ ይህን ጋብቻ አልወደደችም። ክፉው ነገር ሰውየው የተወለደው አሜሪካ መሆኑ ነው። እኅቷ ክላራ ኑዛዜውን አንሥታ ተከራከረች፤ በመጨረሻም ከገቢው ከአምስት ሦስቱ እጅ ለክላራ፣ ሁለቱ እጅ ለአንጄላ እንዲሆን ተስማሙ። አንጄላ ልጅ ሳትወልድ በ1906 ሞታ በዌስትሚንስተር ተቀበረች።

የኩትስ ስም እንግዲህ ወደ ክላራ ዘር ተሻገረ። ክላራ ጄምስ መኒ የተባለ ቄስ አግብታ ስለ ነበር ቤተ ሰቡ መኒ ኩትስ ተባለ፤ በእንግሊዝኛ «መኒ» ገንዘብ ማለት ስለ ሆነ ለባንክ ቤት የተገባ ስም ነው። የሚያስገርመው ልጅዋ ፍራንሲስ ባለቅኔ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ከባንኩ ከሚያገኘው ሀብት ለስፔኑ የሙዚቃ ደራሲ ለአልቤኒዝ ገንዘብ እየሰጠ የኦፔራ ድርሰት ይጽፍለት ነበር። ባንኩ በ1920 ከናሽናል ፕሮቪንሻል ባንክ ጋር ተዋሐደ፤ ዛሬም በስትራንድ መንገድ ላይ፣ በናትዌስት ግሩፕ ሥር ይገኛል። ቢሆንም ቤተ ሰቡ ቶሎ አልወጣም፤ ሰር ዴቪድ መኒ ኩትስ ከ1976 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሊቀ መንበሩ ነበር። ስሙ ወደ እርሱ የደረሰው በክላራ በኩል ነው።