የሐይቅ መሐል ከተማ ፎቅ፦ ፊቱና ውስጡ

በሐይቅ ከተማ መሐል ሊሠራ የታሰበ የመኖሪያ ፎቅ ንድፍ ለውይይት ሲቀርብ አስተያየት የሚለያየው አብዛኛውን ጊዜ በሕንፃው ፊት ላይ ነው። አንዱ ሰማያዊ መስታወት ይመርጣል፤ ሌላው የአምባሰል ድንጋይ ይለበጥበት ይላል፤ ሦስተኛው ቀለሙ ከጎረቤቱ ጋር እንዲስማማ ይፈልጋል። የደረጃው ስፋት፣ የምሰሶው ውፍረትና የፍሳሽ ጉድጓዱ ቦታ ግን ብዙም ጠያቂ የላቸውም። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ቀለምና መስታወት ከአሥር ዓመት በኋላም ሊቀየር ይችላል፤ ምሰሶና ደረጃ ግን አንዴ አርማታ ከተሞላ በኋላ የሚነካቸው የለም።

የከተማዋ አቀማመጥ የአስተያየት ልዩነቱ የመጀመሪያ ምንጭ ነው። ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ሲዘለቅ የምትገኘው የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌም ከዚህ ብዙ አትለይም። ሁለቱም መንገድ ያሳደጋቸው ከተሞች ናቸው፤ ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ጋራዡም ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ተሰልፏል። ስለዚህ እዚህ «መሐል ከተማ» ሲባል በተግባር የአስፋልቱ ግራና ቀኝ ማለት ነው። እዚያ ያለው ይዞታ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ጠባብ፣ ጀርባው ረጅም ነው፤ የሚፈለገውም ለፊቱ ነው።

አስፋልቱ በአመዛኙ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚያልፍ ዳርና ዳር የሚቆሙት ሕንፃዎች የሚያዩት ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ነው። ከተማዋ ስሙን የምትጋራው ሐይቅ የተኛው ደግሞ ከእሷ በስተሰሜን ምሥራቅ ነው። ከመንገዱ ምሥራቃዊ ጎን የሚሠራ ፎቅ እንግዲህ በፊቱ የከሰዓቱን ፀሐይ፣ አቧራውንና የከባድ መኪናውን ጩኸት ይቀበላል፤ በጀርባው ደግሞ የጠዋት ፀሐይና ጸጥታ ያገኛል፤ ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥርም ወደ ሐይቁ የሚከፈት እይታ ሊኖረው ይችላል። በተለመደው ንድፍ ሳሎኑ ወደ መንገድ ይወጣል፤ መጸዳጃ ቤቱ፣ ደረጃውና የፍሳሽ ቱቦው ወደ ጀርባ ይገፋሉ። ለኑሮ የሚመቸው ጎን ለቱቦ ተሰጠ ማለት ነው። ይህን የሚደግፍ ባለይዞታ መልስ አያጣም፦ ሳሎን የእንግዳ ነው፣ እንግዳም ከመንገድ የሚታይ ቤት ያስደስተዋል። እንግዳ በሚከበርበት በወሎ ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ሳሎኑ ከነክብሩ ወደ መንገድ ቆይቶ መኝታ ቤቶቹ ወደ ሐይቁ ቢዞሩ፣ ደረጃውና መጸዳጃውም ወደ መሐል ቢገቡ ግን የሚጣላ አይኖርም። የሚከፈለው ዋጋ ወደ መሐሉ ብርሃንና አየር የሚያስገባው ክፍተት ከየወለሉ የሚበላው ጥቂት ካሬ ነው።

መስታወትን በተመለከተ የሚነሳው ክርክር ከውበት ይልቅ የፀሐይ ጉዳይ ነው። ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ መስመር አካባቢ ትገኛለች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ በሰሜንና በደቡብ ያሉ መስኮቶችን አጭር የጣሪያ ክፈፍ ይከልላቸዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ በምዕራብ ስለምትገባ ክፈፍ አይመልሳትም። ወደ ምዕራብ የሚያይ ሙሉ መስታወት ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ያሞቃል፤ የወይና ደጋው ማታ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ሙቀት ቶሎ ይለቃል። ባንክ ወይም ቢሮ የተከራየው ወለል መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አብርቶ ሊሠራ ይችላል። ለአራስና ለአዛውንት ግን ይህ አማራጭ አይደለም። በምዕራቡ ፊት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ የሚገባ በረንዳና ቀጥ ብለው የቆሙ መከለያዎች ከመስታወቱ ረክሰው የተሻለ ይሠራሉ። ከመንገድ ሲታይ ጥላና ብርሃን የሚጫወትበት ፊትም ይሰጣሉ፤ ይህን ውበት የሚሉ አርክቴክቶች አሉ፣ «ያልተጨረሰ ይመስላል» የሚሉ ባለይዞታዎችም እንዲሁ።

ድንጋይ ይሁን የሚለው ወገን የያዘው ጠንካራ ሐሳብ ነው። የወሎ ደጋ ሰው በድንጋይና በጭቃ መሥራትን ከጥንት ያውቃል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም አገር የሚያውቀው ሕንፃ ነው። ይህን ስሜት ወደ ፎቅ ለማምጣት ሒሳቡን ማየት ይጠይቃል። 10 በ12 ሜትር በሆነ ወለል ዙሪያ የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በ50 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ ቢተካ ከእያንዳንዱ ወለል 13 ካሬ ሜትር ገደማ ይጠፋል፤ አንድ መኝታ ቤት ማለት ነው። ክብደቱ ደግሞ የባሰ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው እንዲህ ያለ ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት ከሦስት ቶን ተኩል ያላነሰ ይመዝናል፤ ባዶ ብሎኬቱ ግን ከአንድ ቶን በታች ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሳድረው ኃይል ከክብደት ጋር ስለሚያድግ ከባድ ግድግዳን ወደ ላይ መቆለል ምሰሶውን ማስጨነቅ ነው። ድንጋይ ቦታው መሠረቱ፣ የአጥር ግንቡና የምድር ቤቱ የታችኛው ክፍል ነው። ከዚያ በላይ በስሱ የሚለጠፍ ድንጋይ ለዓይን እንጂ ለሕንፃው አይደለም፤ በአግባቡ ካልታሰረ ደግሞ ከታች ለሚያልፍ እግረኛ አደጋ ነው።

የመንቀጥቀጡ ጉዳይ በወረቀት ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። የደቡብ ወሎ ምሥራቃዊ ክፍል የስምጥ ሸለቆውን ምዕራባዊ ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውንም አውራ ጎዳና ሰንጥቋል። በዚህ ምድር ላይ የሚሠራ የመሐል ከተማ ፎቅ አንድ የታወቀ ድክመት አለው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ አልባ ይሆናል፤ ከፍታውም ከሌሎቹ ወለሎች ይበልጣል። ከላይ ያሉት ወለሎች በብሎኬት ተሞልተው ደርቀው ሲቆሙ ከታች ቀጫጭን ምሰሶዎች ብቻ ይቀራሉ። መሬት ሲናወጥ የሕንፃው መወዛወዝ በአመዛኙ በዚያ አንድ ወለል ላይ ይከማቻል። መፍትሔው ውድ ነገር አይደለም፤ የምድር ቤቱን ምሰሶዎች ማወፈር፣ የደረጃውን ቤት ከታች እስከ ላይ በአርማታ ግድግዳ መሥራት፣ በፌሮው ላይ የሚታሰረውን ቀለበት በምሰሶው ራስና እግር ማቀራረብ ነው። ለሱቅ ተከራይ ምሰሶ እንቅፋት ስለሆነ በዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር አያልቅም። እዚህ ላይ መሐንዲሱ የሚያመቻምችበት ምክንያት የለም።

ሕጉም በዚህ ውስጥ ገብቷል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ከመሬት ወለል በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን «ምድብ ሐ» ውስጥ አስገብቶታል። አራት ሜትር ቁመት ያለው ሱቅ ላይ ሦስት ሦስት ሜትር የሆኑ ሦስት ወለሎች ሲደረቡ 13 ሜትር ይመጣል። ከፍ ያለው ምድብ የሚጠይቀውን ባለሙያና ቁጥጥር ለመሸሽ ከየወለሉ ከፍታ የሚቀንስ አለ። ውጤቱ ዝቅተኛ ኮርኒስና ያው ደካማ ምድር ቤት ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ዋናው ጥያቄ እንጀራ የት ይጋገራል የሚለው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ለዚህ መልስ ሞክሯል። ባለ አራት ፎቅ ብሎኮቹ አጠገብ ለመጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ «ኮሚናል» የሚባል የጋራ ቤት ይሠራ ነበር። በብዙ ሳይቶች ይህ ቤት ለታለመለት ሥራ ሳይሆን ለሌላ ነገር ውሏል። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማጀት የግል ነው። ሊጥ የተሸከመች እናት አራት ፎቅ ወርዳ ተራ ጠብቃ ጋግራ መልሳ እንድትወጣ የሚጠብቅ ንድፍ የተሠራው ጋግሮ በማያውቅ ሰው ነው። በሐይቅ በሚሠራ ፎቅ ላይ መጋገሪያው ከየቤቱ ኩሽና ጋር ካልተያያዘ ደረጃው ላይ ከሰል መጨሱ አይቀርም። ተያይዞ ከተሠራ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መታሰብ አለበት። አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ የ12 ቤት ምጣድ በአንድ ምሽት ሲጣድ 42 ኪሎ ዋት ነው። መብራት ለጠፋበት ቀን የሚሆን ጭስ ማውጫ ያለው የማገዶ ቦታም ያስፈልጋል። ይህን ጣሪያው ላይ እናድርገው የሚሉ አሉ፤ በርበሬና ልብስ ለማስጫም ይመቻል። ውኃ ያሰርጋል ብሎ የሚፈራው መሐንዲስም እውነት አለው፤ ደቡብ ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ያገኛል። ግማሹን ጣሪያ በቆርቆሮ ከድኖ ከሥሩ መጋገሪያና ማስጫ ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ደረጃ ከሁሉ በላይ የሚናቅ የሕንፃ ክፍል ነው። ሊፍት በሌለው ፎቅ ሦስት ሜትር ለመውጣት 18 ያህል እርከን ያስፈልጋል፤ አራተኛ ፎቅ 72 እርከን ነው። ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን የሚወጣው በዚያ ነው። ደረጃው የሚፈተነው ግን በሐዘን ቀን ነው። አስከሬን፣ በቃሬዛም ሆነ በሣጥን፣ በሰው ትከሻ ወርዶ በየመታጠፊያው መዞር አለበት፤ መታጠፊያው ጠባብ ከሆነ ሬሳ ማዘንበል ይመጣል፣ ይህን የሚቀበል ቤተሰብ የለም። ቅሬው፣ ማለትም የአካባቢው ዕድር፣ ድንኳን የሚጥልበት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ግቢም ያስፈልጋል። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ግቢ ይኖራል፤ የወዳጃ ዱአ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የአረፋና የፋሲካ በግ ሁሉ ቦታ ይፈልጋሉ። ግቢውን በሙሉ ለመኪና ማቆሚያ የሚሰጥ ንድፍ ይህን ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይገፋዋል።

ጎረቤት ደግሞ የራሱ አቤቱታ አለው። ከፎቁ ጀርባ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ሴቶች ግቢ ውስጥ ይታጠባሉ፣ ያበስላሉ፣ ዉዱእ ያደርጋሉ። በላያቸው የተከፈተ መስኮት ግቢያቸውን አደባባይ ያደርገዋል። የመስኮቱን ደፍ ከፍ ማድረግ ወይም በረንዳውን በተቦረቦረ ብሎኬት መከለል በቂ ነው። ይህ በፈቃድ ወረቀት ላይ እምብዛም የማይታይ፣ ነገር ግን ከፍርድ ቤት የሚያድን ሥራ ነው።

ፍሳሹን የሚመለከተው ጉዳይ ከይዞታው ወሰን ያልፋል። የሐይቁ ውኃ አንከርካሃን የመሰሉ ወንዞች ይገቡበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ወደ እሱ የሚሰርገው በአመዛኙ እዚያው ይቀራል። አምስት አምስት ሰው ያለባቸው 12 ቤቶች በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀሙ በቀን 3 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይወጣል። ለአንድ ቤተሰብ የተለመደው ጉድጓድ ይህን አይችልም። ታፍኖ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ፣ የመምጠጫ መኪና የሚደርስበት ቦታ፣ ከውኃ ጉድጓድም የራቀ ማስረጊያ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ መታየት አለባቸው። ቦታው ጠባብ ነው ተብሎ ታንኩ ከሱቁ ወለል ሥር ሲቀበር ክዳኑን ለመክፈት ሊሾ መስበር ግድ ይሆናል።

ብዙ ሰው ንድፍ የሚዳኘው በኮምፒውተር በተሠራ «ስሪዲ» ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ሰማዩ ጠርቷል፣ ዛፉ አድጓል፣ የተሰጣ ልብስም ሮቶም የለም። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ሥዕል ለጎረቤትና ለወደፊት ተከራይ ማሳየት የውይይቱን አቅጣጫ ይለውጠዋል፤ ደረጃው፣ ቱቦውና የኮርኒሱ ከፍታ በግልጽ የሚታዩት በዚያ ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ በሐይቅና በውጫሌ መጠን ባሉ ከተሞች ፎቅ ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ አይሠራም። ምድር ቤቱ አልቆ ሱቁ ይከራያል፤ የላይኛው ወለል ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ፌሮው ወደ ሰማይ ቆሞ ዓመታት ያልፋሉ። የተከራከሩበት የሕንፃ ፊት ያን ጊዜ ሁሉ የለም። በመጀመሪያው ዙር መሟላት ያለባቸው የመሠረቱና የምሰሶዎቹ ልክ ለመጨረሻው ወለል ተሰልቶ፣ የደረጃው ቤትና የቱቦው መውረጃ፣ ሴፕቲክ ታንኩና የኤሌክትሪክ ዋናው መስመር ናቸው። ወጥቶ የሚቆየው ፌሮ በስስ አርማታ ይሸፈናል፤ ሥራው ሲቀጥል አርማታው ተሰብሮ ይወገዳል፣ ዝገቱም ተፍቆ ይታያል፤ የሳሳ ብረት ካለ ከጎኑ አዲስ ታስሮ ነው ቀጣዩ ምሰሶ የሚሞላው።