ለተራራ መንገደኛ የሚሆን ኮዳ

ውኃ ከስንቅ ሁሉ ይቀድማል። ሰው ምግብ ሳይበላ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውኃ ግን ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ተራራ የሚወጣ፣ ዱር የሚያድር ሰው ሁሉ የውኃ መያዣ ያስፈልገዋል።

አባቶቻችን ለዚህ ቅል ነበራቸው። ቅል ቀላል ነው። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ከወደቀ ይሰበራል፤ እሳት ላይም አይጣድም። ዛሬ ብዙ ሰው «ሃይላንድ» የምንለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ይይዛል። እሱም ቀላል ነው። ግን ይጨረመታል፤ እሳት አይችልም፤ መጨረሻውም ሜዳ ላይ መጣል ነው። ከእነዚህ የሚሻለው ከስስ ብረት የተሠራ ኮዳ ነው። ይሁን እንጂ የብረት ኮዳም ዓይነቱ ብዙ ነው። የትኛውን እንምረጥ?

እስቲ አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ የደባርቅ ወጣት ከአጎቱ ጋር ወደ ሰሜን ተራራዎች ሊሄድ ነው እንበል። አጎትየው ለብዙ ዓመት በቅሎ እየጫኑ መንገደኛ የመሩ ሰው ናቸው። ወጣቱ ከገበያ አንድ ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ኮዳ ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ። ላባ በሏት!» አለ።

«ቅለቷስ መልካም። ውኃ ታፈላባታለህ ወይ?» አሉት።

«ኧረ ለማፍላቱስ ድስት አለ።»

«ድስቱ ያለው በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ነው። በቅሎዋ ቀድማ ከሄደችስ? ጉም ወርዶ ከተጠፋፋንስ? ያን ጊዜ በእጅህ ያለው ኮዳህ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ዋናው ነገር ይህ የአጎትየው ጥያቄ ነው። የተራራ ምንጭ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። ከላይ ግን ከብት ይጠጣበታል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ይውልበታል፤ ሰውም ይታጠብበታል። በዓይን የማይታዩ ተባዮች በውስጡ አሉ። ከጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ሳለ ተቅማጥ የያዘው ሰው አደጋ ላይ ነው። የጠጣው ሁሉ ይወጣበታል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። ስለዚህ ውኃው መፍላት አለበት።

የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። ከፍተኛው የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እንደዚህ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። 3,600 ሜትር ገደማ በሆነው በጨነቅ ሰፈር ግን በ88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሙቀቱ ስለሚያንስ ጊዜውን መጨመር ያስፈልጋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ስንሆን ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት።

ለኮዳ የሚያገለግሉት ብረቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ. አሉሚኒየም። በጣም ቀላል ነው። መጠኑ እኩል ከሆነ የብረትን ሢሶ ያህል ብቻ ይመዝናል። አንድ ሊትር የሚይዝ ኮዳ 150 ግራም ገደማ ነው። ነገር ግን ሎሚና ሌላ ኮምጣጣ ነገር ስለሚበላው ውስጡ በስስ ሽፋን ይለበጣል። ኮዳው ሲጨረመት ሽፋኑ ይላጣል፤ እሳት ላይ ሲጣድም ይቃጠላል። ስለዚህ ለመያዣ እንጂ ለማፍያ አይሆንም።

2ኛ. የማይዝግ ብረት፣ ማለትም ስቴንለስ ስቲል። ባለ አንድ ሊትሩ ከ200 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። ከሥሩ 18/8 የሚል ጽሑፍ ካለ ከመቶው 18 እጅ ክሮሚየም፣ 8 እጅ ኒኬል አለበት ማለት ነው። ዝገት የሚከለክለው ክሮሚየሙ ነው። ስለዚህ ሽፋን አያሻውም፤ እሳትም ይችላል።

3ኛ. ቲታኒየም። ከማይዝግ ብረት ይቀላል፤ አይዝግም፤ እሳትም ይችላል። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

በአሉሚኒየምና በማይዝግ ብረት መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ መቶ ግራም አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ደግሞ ራሱ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ለመቶ ግራም ብሎ ማፍያውን የተወ ሰው አተረፍኩ ሲል ከሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ኮዳም እንደ ልብስ ነጠላና ድርብ አለው። ድርቡ እንደ ፔርሙስ ነው፤ ትኩሱን ትኩስ፣ ቀዝቃዛውን ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆያል። ግን ባለ አንድ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ቦታ የታሸገ ስለሆነ፣ እሳት ላይ ቢጣድ ሊፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል። እንዴት እንለየው? ትኩስ ውኃ ጨምረን ውጭውን በጥንቃቄ እንንካው። ወዲያው ከሞቀ ነጠላ ነው። ካልሞቀ ድርብ ነውና ከእሳት ይራቅ።

ነጠላውም ቢሆን ደንብ አለው። እሳት ላይ ሲጣድ ክዳኑ መከፈት አለበት። ተዘግቶ ከፈላ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይፈነዳል። የፕላስቲክ ክዳን ከሆነ ደግሞ ከእሳቱ ይራቅ። ቀለም ያልተቀባ ኮዳ እንምረጥ። አፉም እጥበት እንዲመች ሰፋ ያለ ይሁን። ስንገዛ ውኃ ሞልተን፣ ዘግተን፣ እንዘቅዝቀው። ጠብ ካለ የክዳኑ ጎማ አይረባም።

በተራራ ላይ የሌሊት ብርድም አለ። ውኃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል። ጢም ብሎ የሞላ ኮዳ በዚህ ጊዜ ሊያብጥ፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ ከላይ ጎደል እናድርገው። ነጠላ ኮዳ ለብርድም ይጠቅማል። ማታ ውኃ አፍልተን፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገን፣ በካልሲ ጠቅልለን ብርድ ልብስ ውስጥ ብናስገባው ሌሊቱን ያሞቀናል። ጧት ደግሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ የሚጠጣ ውኃ ይሆነናል።

«ካያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ከመንገድ ስንመለስ ኮዳውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበን፣ ክዳኑን ከፍተን፣ ዘቅዝቀን እናድርቀው።

ወጣቱም አሉሚኒየሙን መልሶ ነጠላውን የማይዝግ ብረት ኮዳ ይዞ መጣ። አጎትየው በእጃቸው መዘን አደረጉና፣

«ትንሽ ትከብዳለች» አሉት። «ግን ይችኛዋ ካንተ ጋር ታድራለች።»

ጥያቄዎች

1. ጥርት ያለ የምንጭ ውኃ ሳይፈላ ቢጠጣ ምን ጉዳት ያመጣል?
2. ድርብ ኮዳ እሳት ላይ የማይጣደው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ መንገደኛ ውኃ የሚይዘው በምንድን ነው? ጥቅሙንና ጉዳቱን ተወያዩበት።