አምስት ስፒከር ገዝቶ ሁለቱን ማዳመጥ፦ የቤት ውስጥ ሲኒማ ድምፅ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይገናኛል?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች "5.1" የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ካርቶኖች በብዛት ይታያሉ። ከጎኑ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዋት በደማቁ ተጽፏል። ገዢው ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ሲሰካው አምስቱም ስፒከሮች ይጮኻሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሁሉም የሚያሰሙት ያንኑ አንድ ድምፅ መሆኑን ያስተውላል። ከኋላ ሊሰማ የሚገባው የመኪና ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ የተዋናዮቹ ንግግር በሙዚቃው ይዋጣል። ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ፍንዳታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የስፒከሮቹ አይደለም። አምስት የተለያዩ ድምፆች መጀመሪያውኑ ወደ መሣሪያው አልገቡም። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ከካርቶኑ ፊት ይልቅ የዕቃውን ጀርባ መመልከት ይጠቅማል።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

"5.1" ሲባል አምስቱ ቁጥር ዋናዎቹን ስፒከሮች ያመለክታል፦ ከፊት ግራና ቀኝ፣ በመሐል አንድ፣ ከተመልካቹ ጎን ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ደግሞ ግራና ቀኝ። ከነጥቡ በኋላ ያለው አንድ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር ነው። "7.1" ከሆነ ከኋላ ሁለት ይጨመራሉ። "5.1.2" የሚል ሦስተኛ ቁጥር ሲኖር ከጣሪያ አቅጣጫ የሚሰማ ድምፅ አለ ማለት ነው።

ተመልካችን በድምፅ የመክበብ ሐሳብ ረዥም ዕድሜ አለው። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.አ.አ በ1940 "ፋንታዚያ" የተሰኘውን ፊልም ለሕዝብ ሲያቀርብ "ፋንታሳውንድ" የሚባል ባለ ብዙ ስፒከር ሥርዓት ተጠቅሟል። ወጪው ከባድ ስለነበር ግን ከጥቂት ቲያትር ቤቶች አላለፈም። ዛሬ በየቤቱ የሚታወቀው የ5.1 ዲጂታል ድምፅ በሲኒማ ቤቶች የተዋወቀው በ1992 "ባትማን ሪተርንስ" በተሰኘው ፊልም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲቪዲ መጥቶ ወደ ሳሎን አስገባው። የጣሪያ ድምፅን የጨመረው ዶልቢ አትሞስ የተዋወቀው ደግሞ በ2012 ነው።

ከአምስቱ ሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ገዢዎች ልብ የማይሉት የመሐሉ ስፒከር ነው። በፊልም ውስጥ የሚሰማው ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ከኋላ የሚቀመጡትን ቀንሶ ጥሩ የመሐል ስፒከር መግዛት የተሻለ ነው።

የዋት ጉዳይ

በካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ "ፒኤምፒኦ" በሚባል ስሌት የተገኘ ነው። ይህ ስሌት ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለውም፤ አንዱ ሻጭ 500 ያለውን ሌላው 5000 ሊለው ይችላል። መታየት ያለበት "አርኤምኤስ" የሚለው፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው።

የሰው ጆሮም ዋትን እንደ ብር አይቆጥርም። የአምፕሊፋየሩ ኃይል በእጥፍ ሲያድግ የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በጆሮ የሚለይ ግን መጠነኛ ለውጥ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መጠጋት አለበት። በመሆኑም ለመካከለኛ ሳሎን በእያንዳንዱ ስፒከር 50 የአርኤምኤስ ዋት ከበቂ በላይ ሊሆን ይችላል።

በእርግጥ አምስት ድምፅ ይገባል?

የዕቃው ጀርባ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ መግቢያዎቹን ይመለከታል። ቀይና ነጭ ሁለት ቀዳዳዎች፣ የፍላሽ ማስገቢያና ብሉቱዝ ብቻ ካሉት፣ ከቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ ነው። በብሉቱዝ የሚመጣውም በተለምዶ ስቴሪዮ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሁለቱን ድምፅ ለአምስት ስፒከሮች ያከፋፍላል እንጂ ከኋላ የሚመጣውን ከፊተኛው አይለይም። ለሙዚቃና ለድግስ ሊበቃ ይችላል። ለፊልም የሚፈለገው ግን የኤችዲኤምአይ ወይም የኦፕቲካል መግቢያና "ዶልቢ ዲጂታል" የሚል ምልክት ያለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚታየውን ነገር ይመለከታል። በዲሽ የሚገቡ በርካታ ጣቢያዎችና በዩቲዩብ የሚጫኑ አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ድምፃቸው ስቴሪዮ ነው። እንደ ኔትፍሊክስ ባሉ አገልግሎቶች የሚቀርቡ በርካታ ፊልሞችና በብሉሬይ ዲስክ የሚወጡት ግን 5.1 ድምፅ አላቸው። ስቴሪዮውን ብቻ የሚያይ ቤተሰብ ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም። የተሻሉ መሣሪያዎች ባለ ሁለት ቻናሉን ድምፅ መርምረው ንግግሩን ወደ መሐል፣ አጃቢውን ወደ ጎን የሚለዩበት መንገድ አላቸው። እንደ ፋብሪካው 5.1 የጠራ አይሆንም፤ ንግግር ለመስማት ግን ይረዳል።

ምን ይገዛ?

የገበያው አማራጮች በሦስት ይጠቃለላሉ። ሳውንድባር ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ አንድ ረዥም ስፒከር ሲሆን ሽቦ አይበዛበትም። አንዳንዱ ድምፁን ከግድግዳ እያነጠረ ከኋላ የመጣ ለማስመሰል ይሞክራል፤ ይህ የሚሠራው ግን ግራና ቀኙ ግድግዳ ሲሆን ነው። አንደኛው ጎን ወደ መመገቢያ ክፍል የተከፈተ ከሆነ የሚያነጥረው ነገር የለም። የኋላ ስፒከሮች አብረውት የሚሸጡት የተሻለ ነው።

ሁሉም በአንድ ካርቶን የሚመጣው "ሆም ቲያትር" ዋጋው ለብዙዎች የሚቀርብ ነው። ድክመቱ የሽቦው ጫፍ በአምራቹ ልክ የተሠራ ስለሚሆን አንዱ ስፒከር ሲበላሽ ሌላ ለመተካት ማስቸገሩ ነው። ያገለገለ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያጤን ይበጃል።

ሦስተኛው ኤቪ ሪሲቨር የሚባለው ነው። ስሙ በኢትዮጵያ ለዲሽ ዲኮደር ከሚሰጠው "ሪሲቨር" ጋር ያምታታል፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ኤቪ ሪሲቨር ድምፁን ፈትቶ፣ አጉልቶ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚያድል መሣሪያ ነው። ስፒከሮቹ ለየብቻ ይገዛሉ። ውድ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በሦስት ስፒከር ጀምሮ ከርሞ ሁለት መጨመር ያስችላል። በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ኦም፣ ማለትም 4፣ 6 ወይም 8፣ ሪሲቨሩ ከሚፈቅደው ማነስ የለበትም። ከዚያ ያነሰ ከሆነ መሣሪያው ይግላል፤ ራሱንም ሊያጠፋ ይችላል።

ከውጭ የተላከ ዕቃ

በውጭ የሚኖር ዘመድ የላከው መሣሪያ በመጀመሪያው ቀን የሚቃጠልበት አንድ የታወቀ ምክንያት አለ። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በኢትዮጵያና በጅቡቲ 220፣ በኬንያ ደግሞ 240 ቮልት ሲሆን ሁሉም 50 ኸርዝ ናቸው። በሳዑዲ አረቢያም ለረዥም ዓመታት 127 ቮልት ያገለግል ስለነበር ከዚያ የመጣ አሮጌ ዕቃ ሳይጣራ መሰካት የለበትም።

መልሱ ከጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። "100–240 ቮልት" የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። "120 ቮልት" ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋትም ዕቃው ከሚወስደው በደንብ መብለጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳውንድባሩን አይቶ ሰብዉፈሩን ሲረሳ ነው። ሰብዉፈሩ የራሱ ገመድ አለው፤ አንዱ በሁለቱም ቮልት የሚሠራ ሆኖ ሌላው ላይሆን ይችላል። ተራ ስታቢላይዘርም በዚህ ረገድ አያድንም፤ የተለየ የ110 ቮልት መውጫ ከሌለው ሥራው 220 ቮልቱን ማረጋጋት ነው። ለዚያ ግን ጥሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል ንረት ለአምፕሊፋየር አደገኛ በመሆኑ፣ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ኃይል የሚለቅ ስታቢላይዘር ዋጋውን ያወጣል።

ገመዱ የት ይግባ?

ከቴሌቪዥን ወደ ድምፅ መሣሪያ የሚሄደው ተመራጭ መንገድ ኤችዲኤምአይ ነው። ነገር ግን በቴሌቪዥኑ ላይ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ድምፅ ወደ ውጭ የሚልከው በተለምዶ አንዱ ብቻ ነው። እሱም አጠገቡ "ኤአርሲ" ወይም በአዳዲሶቹ "ኢኤአርሲ" የሚል በላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ገመዱ በሌላው ቀዳዳ ከገባ ምንም አይሰማም። በተጨማሪም ቴሌቪዥኑ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገርበት ቅንብር መከፈት አለበት። ይህን ቅንብር ሳምሰንግ "አኒኔት ፕላስ"፣ ኤልጂ "ሲምፕሊንክ"፣ ሶኒ "ብራቪያ ሲንክ" ይለዋል።

ኤአርሲ የሌለው ቴሌቪዥን በኦፕቲካል ገመድ ሊገናኝ ይችላል። ይህ ገመድ 5.1 ዶልቢ ዲጂታልን በብርሃን ያሳልፋል፤ አትሞስን ግን አይችልም። አንዳንድ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከዲኮደር የተቀበሉትን ድምፅ ወደ ስቴሪዮ ቀይረው ነው በኦፕቲካል የሚያወጡት። መፍትሔው ዲኮደሩን ወይም ዲስክ ማጫወቻውን በቀጥታ ከድምፅ መሣሪያው ጋር ማገናኘት ነው።

አምስት ስፒከር እያለ ሁለት ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ሌላው ምክንያት በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማውጫ ውስጥ ተደብቋል። "ፒሲኤም" የሚለው ከተመረጠ በኤአርሲም ሆነ በኦፕቲካል የሚወጣው ስቴሪዮ ነው። "ቢትስትሪም"፣ "ፓስ ስሩ" ወይም "ኦቶ" ወደሚለው ሲቀየር በመሣሪያው መስኮት ላይ "ዶልቢ ዲጂታል" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሳይለወጥ ከቀረ የሚታየው ፊልም ራሱ ስቴሪዮ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ፊልም መሞከር ይገባል። በፍላሽ የሚታይ ፊልም ምስሉ እየሄደ ድምፅ ከሌለው ደግሞ፣ ድምፁ "ዲቲኤስ" በተባለው ሥርዓት የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሥርዓት የማይቀበሉ ቴሌቪዥኖች ብዙ ናቸው።

ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር በሚሄዱት ሽቦዎች ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መገናኘት አለበት። በአንዱ ስፒከር ቢገለበጥ አይቃጠልም፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይሳሳል፣ ንግግሩም ከየት እንደሚመጣ ግራ ያጋባል።

ሶፋው ግድግዳ ሲጠጋ

የአምራቾች መመሪያ ተመልካቹን በክፍሉ መሐል ያስቀምጠዋል። ከእሱ አንጻር የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከመሐሉ 30 ዲግሪ ገደማ ይርቃሉ፤ የኋላዎቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይሆናሉ። በብዙ የአካባቢው ቤቶች ግን ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ይዞ ይደረደራል፤ ከጀርባው ስፒከር የሚቆምበት ቦታ የለም። እንዲህ ባለው ሳሎን የኋላዎቹን በጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ 50 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል። ለአንዱ እንግዳ ጆሮ ተጠግቶ ሌላውን ከማደንቆር ያድናል።

የመሐሉ ስፒከር ቡፌ ውስጥ ከተሸጎጠ ንግግሩ ይታፈናል። ወደ መደርደሪያው ጠርዝ ወጥቶ ፊቱ ወደ ጆሮ ቢያዘነብል ይበጃል። በሴራሚክ የተነጠፈ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፅን ስለሚያነጥሩ፣ ከስፒከሮቹ ፊት የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍና ከባድ መጋረጃ አዲስ ስፒከር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ የሚያመጡበት ጊዜ አለ።

ለሰብዉፈር ቦታ መፈለጊያ ቀላል ዘዴ አለ። እሱን ሰው በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጦ ወፍራም ድምፅ የሚበዛበት ሙዚቃ መክፈት፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የክፍሉን ዳርቻ እየዞሩ ማዳመጥ ነው። ድምፁ ሳይጉረመረም ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ትክክለኛ ስፍራ ነው። ጥግ ላይ ሲሆን ድምፁ ይበረታል፤ በኮንዶሚኒየም ግን ከታች ያለው ቤተሰብም ይሰማዋል፤ ወፍራም ድምፅ በኮንክሪት ወለል በቀላሉ ያልፋልና። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ማድረግ ንዝረቱን ይቀንሳል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሚገኘው "ናይት ሞድ" ደግሞ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። ስሙ የሌሊት ይሁን እንጂ ንግግር አልሰማ ላለው ሰው በቀንም ያገለግላል።